በአሉሚኒየሟ መኪና ላይ ያገኘሁት ብረት

ሰው ለመግደል አስቦ የማያውቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ ይፈርድብኝ ይሆናል። ይፍረድብኝ። የሆነውን አልቀንስም፣ ያልሆነውንም አልጨምርም።

ስሜ ስንሻው ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ በሚያወጣው አስፋልት ዳር አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። ሥራዬ ላሜራ ነው። የተጨማደደ የመኪና ገላ አቃናለሁ፣ ዝገት የበላውን ቆርጬ በአዲስ እተካለሁ። ያን ጊዜ ደንበኞቼ ዝምተኛ ይሉኝ ነበር። ጨዋ ስለሆንሁ ይመስላቸዋል። ጨዋነት አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንዲት መኪና ስፈልግ ነበር የኖርሁት።

አባቴ ገበሬ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በመስቀል ማግስት፣ ጅጋ ገበያ ውሎ ሲመለስ ወዳጁ ለሞፈር የሚሆን የወይራ እንጨት ሰጥቶት በትከሻው ተሸክሞ ነበር። ወደ መንደራችን የሚያስገባው መገንጠያ ሳይደርስ ማታ መኪና ገጨው። ጠዋት ወደ ወፍጮ የሚሄዱ ሴቶች መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ አገኙት። ሞቶ ነበር። ግን በክንዱ እየተሳበ ሊወጣ የሞከረበት ጭቃው ላይ ይታይ ነበር፤ ይህን እኔም አይቻለሁ። እንጨቱ ለሁለት ተሰብሮ አጠገቡ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ የመኪና ቀለም ተፍቆ ቀርቷል። አንድ መንገደኛ ጂፕ የመሰለች መኪና ስትበር አይቻለሁ አለ። ከዚያ በላይ የተገኘ ነገር የለም። ፖሊስ ፈለገ፣ ዘመድ ፈለገ፣ ደከመው፣ ተወው። እናቴና እኔ አልተውንም።

አባቴ በሞተ በዓመቱ አንድ ሰው ሳንጠራው ቤታችን መጣ። ጋሼ ታከለ ይባላል፣ ቡሬ ያለ የታወቀ ላሜራ ሠሪ ነው። «የልጁን ነገር ሰምቼ ነው። ስጡኝ፣ ሙያ ላስተምረው» አለ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። እየበላሁ እየጠጣሁ ቤቱ ኖርሁ። መዶሻ አያያዝ፣ ብየዳ፣ ስቱኮ መለቅለቅ፣ ቀለም ማዋሐድ፣ ሁሉንም ከእሱ ተማርሁ። የራሴን ጋራዥ ስከፍት የመጀመሪያውን የብየዳ ማሽን የሰጠኝ እሱ ነው። እናቴ በየፋሲካው ዶሮና ቅቤ ትልክለታለች፤ ስሙን ሳትመርቅ ጠርታው አታውቅም። እኔም ብትጠይቁኝ ከአባቴ ቀጥሎ የምለው ሰው እሱ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ያረጀች ነጭ ላንድሮቨር እያጓራች ግቢዬ ገባች። የነዷት ሽማግሌ አያ ዘለቀ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው የሠሩ የቡሬ ሰው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ መኪኖቹን ሲሸጥ ራሳቸው የሚነዷትን ይህችን ገዝተው ጡረታ ወጡ። መኪናዋን በእጃቸው ሲዳስሷት ላም የሚያሹ ይመስላሉ።

«እንደ ድሮዋ አድርግልኝ» አሉኝ። «መጀመሪያ ቁልፏን የተረከብሁ ቀን እንደነበረችው። ገላዋ ከፋብሪካ ሲወጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም አድርግልኝ።»

«አያ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አልኋቸው። «በብረት ላሜራ ብንሠራት ይሻላል። ላሜራ እዚሁ አለ። እበይደዋለሁ፣ እቀጠቅጠዋለሁ፣ ቢጋጩ እንኳ ጎትቼ አወጣዋለሁ። የአሉሚኒየም መበየጃ በዚህ አካባቢ የለም። መዶሻ ሲበዛበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሳሙና ቀብቼ፣ ሳሙናው እስኪጠቁር በእሳት አሙቄ፣ እያለሳለስሁ ነው የምሠራው። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ የአሮጌ አውቶቡስ ገላ መፈለግም አለብኝ።»

«ብረት ይዝጋል።»

«ይዝጋል። በደንብ ከተቀባ ግን እኔንም እርስዎንም ይሸኛል።»

«አሉሚኒየም አይዝግም።»

«አይዝግም፤ ግን ከብረት ጋር ከተነካካ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ዱቄት እያወጣ ያልቃል። ገላዋን የተሸከመው ሻንሲ ደግሞ ብረት ነው።»

«ታዲያ መሐሉ ላይ ላስቲክ አስገባ። ይህን ሳታውቅ ነው ላሜራ ሠሪ ነኝ የምትለኝ?» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ደግሞ ያ የቀኙ የፊት ጎማ ሽፋን፣ ፓራፋንጎው፣ ብረት ነው። ከሁሉ በፊት እሱን አውጥተህ ጣልልኝ። ባየሁት ቁጥር ያመኛል።»

ከአሮጌ ራዲዮ ያወጣሁት ማግኔት አለችኝ። በሩ ላይ ባስጠጋት አልያዘችም። ኮፈኑ ላይ፣ የግራውን የፊት ጎማ የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ላይ፣ ኋላዋ ላይ፣ የትም አልያዘችም። የቀኙ ፓራፋንጎ ላይ ስደርስ ግን ከእጄ አምልጣ ሄዳ ተለጠፈች።

«ማን ነው ብረት ያደረገው?» አልኋቸው።

«ተወኝ ልጄ፣ የቆየ ነገር ነው።»

«ቡሬ ጋሼ ታከለ እያሉ ለምን እዚህ ድረስ ለፉ?»

ፊታቸው ተቀየረ። «በታከለ እጅ ሁለተኛ አላስነካትም» አሉና ሚኒባስ ለመያዝ ወጡ። አስተማሪዬን ስላቃለሉብኝ ቅር አለኝ። መኪናዋን ባልቀበል ሁሉ ብዬ አስቤ ነበር።

በማግስቱ መፍታት ጀመርሁ። የግራውን ፓራፋንጎ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው ከነጩ ቀለም ሥር አረንጓዴ ወጣ። በሩንም ፋቅሁት፤ አረንጓዴ። በአባቴ እንጨት ጫፍ የቀረውን ቀለም አሰብሁ፤ ግን አረንጓዴ መኪና በዝቶ እንደነበር ስለማውቅ ራሴን ገሠጽሁ። ወደ ቀኙ ዞርሁ። የብረቱን ፓራፋንጎ እስከ ባዶው ድረስ ፋቅሁት። አረንጓዴ የለም። መኪናዋ ነጭ ስትቀባ ነው የተገጠመው ማለት ነው።

ብሎኖቹን ፈትቼ ሳነሣው ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ መሐል በቀጭኑ የተቆረጠ የብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ ተነጥፎ አገኘሁ። ጠርዙ ላይ ሁለቴ ታጥፎ በትንሽ መዶሻ ተመትቷል። ይህን እጅ አውቀዋለሁ። በዚህ አገር ላስቲክ እንዲህ የሚያነጥፍ፣ ጠርዝ እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። የጋሼ ታከለ ሥራ ነበር።

ከፓራፋንጎው ኋላ ያለው የውስጥ ክፈፍ ግን ያው የጥንቱ አሉሚኒየም ነበር፤ አረንጓዴው ቀለም አልተነካም። መሐሉ ላይ መዳፍ የምታህል ቁራጭ በሪቬት ተለጥፋበታለች። ሪቬቶቹን በመሰርሰሪያ አወጣኋቸው። ከሥር ክብ ቀዳዳ አለ። ከፊት ወደ ኋላ የተወጋ ነው፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተገልብጧል። በግልባጩ ውስጥ የእንጨት ስንጥር ተሰክቶ ነበር። በወረንጦ አወጣሁት፣ በምራቄ አርሼ በሸሚዜ አሸሁት። ወይራ ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ምን ያህል እንደተቀመጥሁ አላውቅም። አላለቀስሁም። እንዲያውም ደስታ የሚመስል ነገር ነው የተሰማኝ። ባሏን ቀብራ ከል ሳታወልቅ ለኖረችው እናቴ፣ ያረጀ ጂፕ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ለማየት ለምሮጠው ለእኔ፣ ይኸው ተገኘ። ገዳዩ በገዛ እግሩ መጥቶ «ብረቱን አውጥተህ ጣልልኝ፣ ባየሁት ቁጥር ያመኛል» ብሎኛል። ያማል እንጂ፣ ለምን አያምም።

ስልኬን አንሥቼ ጋሼ ታከለ ጋ ደወልሁ። ድምፄን አረጋግቼ ሰላምታ ሰጠሁ።

«ጋሼ፣ የአያ ዘለቀን ላንድሮቨር የቀኝ ፓራፋንጎ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «አንተ ዘንድ መጣች እንዴ?» አለኝ።

«መጥታለች። ምን ገጭተው ነበር?»

«ከብት ገጨሁ ብሎ አመጣት። እኔ የነገሩኝን ሰምቼ እሠራለሁ፣ ምን አውቃለሁ። ሌላ ሰው አታሳይ፣ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ሰውዬው እንደምታየው አይደለም ስንሻው። ተጠንቀቀው።»

«ቀዳዳ አለበት ጋሼ። እንጨት የወጋው ቀዳዳ።»

«እንግዲህ አንተው ታውቃለህ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ያች ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች። አንተው ታውቃለህ። ፈቃድ ነበር የመሰለችኝ። ከአባቴ ቀጥሎ ያለ ሰው፣ ደሙን መልስ፣ ያለኝ መሰለኝ።

አያ ዘለቀ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ለማየት እንደሚመጡ ነግረውኛል። አሰብሁበት። በጥይት ብመታቸው እታሰራለሁ፣ እናቴ ብቻዋን ትቀራለች። ፍሬን ግን ማንንም ይከዳል፣ ያውም በዚህ ዕድሜዋ። ፓራፋንጎው ከወለቀ የፍሬኑ ቱቦ በግልጽ ይታያል። መጋጠሚያውን በቁልፍ ትንሽ ካላላሁት፣ ቡሬ ሳይደርሱ ባለው ቁልቁለት ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርገው ሲረግጡት ዘይቱን ይተፋል። «ሞተሯን ይሞክሩልኝ፣ ቤትዎ አሳድረው ነገ ይመልሱልኝ» ብላቸው ደስ ብሏቸው እንደሚወስዷት አውቃለሁ። ያችን ማታ ያለ ሐሳብ ነው የተኛሁት። ለዓመታት እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

በማግስቱ አያ ዘለቀ መጡ። የወለቀውን ፓራፋንጎ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲያዩ፣ «ተመስገን፣ ወጣልኝ» አሉ። መኪናቸውን እየዞሩ ሲያዩ እኔ ጎማው ሥር ገባሁ። ቁልፉ መጋጠሚያው ላይ ነው። አላላሁት። አንዲት ጠብታ ዘይት ጣቴ ላይ ወረደች።

አንድ ነገር ያዘኝ። ምሕረት አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። የያዘኝ፣ ይህ ሰው ለምን እንደሚሞት ሳያውቅ ሊሞት ነው የሚል ንዴት ነበር። ገደል ውስጥ ሲገባ ፍሬን በጠሰብኝ ብሎ ነው የሚሞተው። የአባቴ ስም ጆሮው ውስጥ ሳይገባ። ይህ አልበቃኝም። ፊቱን እያየሁ ልነግረው ፈለግሁ፤ ሲክድ፣ ሲንቀጠቀጥ ላየው ፈለግሁ። መጋጠሚያውን መልሼ አጠበቅሁትና ትልቁን መዶሻ ይዤ ወጣሁ።

«አያ ዘለቀ፣ ይህ ፓራፋንጎ የተቀየረው ምን ገጭተው ነው?»

«እኔ? እኔ ምንም አልገጨሁም።»

«መኪናዋ የማን ናት?»

«የእኔ ናት። ምነው ልጄ፣ ፊትህ ልክ አይደለም።»

«የአንድ ገበሬ ደም አለባት» አልሁ። «ጅጋ መንገድ ላይ፣ በመስቀል ማግስት፣ ሞፈር የተሸከመ ገበሬ። ከብት ገጨሁ ብለው ነው ጋሼ ታከለን ያታለሉት።»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አልተንቀጠቀጡም። የሚያስታውስ ሰው ፊት ነበር የነበራቸው።

«ታከለ ነው እንዲህ ያለህ?»

«አዎ።»

«ፓራፋንጎዋ በተቀየረበት ዓመት፣ መስቀልን እኔ ባሕር ዳር ሆስፒታል ኩላሊቴን ታምሜ ተኝቻለሁ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት። ቡሬ ሄደህ የምትፈልገውን ሰው ጠይቅ፣ ሚስቴን ጠይቅ። ስሄድ በሯን እንዲያስተካክልልኝ ያን ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ የገዛኋትን መኪናዬን ለታከለ ሰጥቼው ነው። ስመለስ ነጭ ሆና ቆየችኝ። ቀለሟን ማን ቀይር አለህ ብለው፣ ፓራፋንጎዋንስ ማን ብረት አድርግ አለህ ብለው፣ ጅጋ የክርስትና ድግስ ተጠርቼ ይዣት ሄጄ ስመለስ በሬ ገባብኝ፣ ለካሣ ብዬ ነው በነፃ የቀባሁልህ አለኝ። በሰው መኪና እንዴት ድግስ ትሄዳለህ ብዬ ተጣላን። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለን።»

መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጥሁት። ጅጋ፣ ድግስ፣ መስቀል። ስልኩ ላይ የነበረው ዝምታ። «ተጠንቀቀው» ያለኝ። «አንተው ታውቃለህ» ያለኝ። ምን እንደማደርግ ያውቃል። አሳድጎኛል፣ ልቤን ያውቀዋል። ሽማግሌውን እንድገድልለት ነው የላከኝ።

ለአያ ዘለቀ ሁሉንም ነገርኋቸው። አባቴን፣ ስንጥሩን፣ ስልኩን። ስጨርስ ወደ ጎማው አዩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾፌር ነበሩና።

«ከመኪናዋ ሥር ምን ስትሠራ ነበር?»

ጣቴ ላይ የቀረውን ዘይት በሱሪዬ ጠረግሁ።

«ፍሬኑን ነው?»

«አዎ።»

«ዛሬ ስመለስ እዚህ ከተማ ያለችውን የልጅ ልጄን ይዣት ልሄድ ነበር» አሉ። ከዚያ በጉልበታቸው ተደግፈው ተነሡ። «በል ያን ብረት አንሣው። ቡሬ እንሂድ።»

ፓራፋንጎውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ሄድን።

ጋሼ ታከለ ጋራዡ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አርጅቷል፤ ብየዳ ዐይኑን አዳክሞታል። በመጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ከኋላዬ ያሉትን ሽማግሌ አየ፣ ከዚያ ብረቱን አየ። ብረቱን እግሩ ሥር ጣልሁት። አጠገባችን ያሉ ሠራተኞች ሥራቸውን አቆሙ።

«ይህ ሰው ውሸታም ነው» አለ ጋሼ ታከለ፣ ማንም ምንም ሳይለው።

«በፊቴ በለው ታከለ» አሉ አያ ዘለቀ። «ያን መስቀል መኪናዬን የነዳሁ እኔ ነኝ በልና ዐይኔን እያየህ ማል።»

አላያቸውም። እኔንም አላየኝም። ብረቱን እያየ ቆየ። ከዚያ የተናገረው በጣም በቀስታ ስለነበረ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማሁት።

«ጠጥቼ ነበር። ከነ እንጨቱ ዞር ሲል ነው ያየሁት።»

«አልቆሙም።»

«ቆሜያለሁ። ወርጄ አየሁት። ቦይ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት። እኔ የተጎዳሁ መስሎት፣ ‹ወንድሜ፣ አልተጎዳህም?› አለኝ። ሰው ልጥራ ብዬው ሄድሁ። ሰው አልጠራሁም።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ያደረግሁትን በደንብ አላስታውስም። አያ ዘለቀ እንደነገሩኝ መዶሻ ፈልጌ ዞሬያለሁ፤ እሳቸው ወገቤን ይዘውኛል። የማስታውሰው ራሴን ሳገኝ የተናገርሁትን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎ ስለው የኖርሁትን ሰው ያን ዕለት አንተ አልሁት።

«አልገድልህም» አልሁት። «ብገድልህ ሰው ያዝንልሃል። አንተን ሰው እንዲያዝንልህ አልፈቅድም።»

እናቴ ጋ ሄጄ ስነግራት ምርት ታበጥር ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች። ስለ ገዳዩ አልጠየቀችም፤ ስለ ቦዩ ነው የጠየቀችኝ። «አልተጎዳህም ነው ያለው?» አለች። «አዎ እማ» አልሁ። ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ነዋ። ሌላ ምን ሊል ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ እስከ ማግስቱ አልወጣችም።

ለፖሊስ አመለከትሁ። ነገሩ ብዙ ዓመት ስለቆየ በሕግ ሊያስጠይቀው መቻሉን ዐቃቤ ሕግ እንዲያየው ይላካል ተባልሁ። ተላከ። ይርጋ ዘግቶታል ተብሎ ተመለሰ። ይህን እንደሰማ ጋሼ ታከለ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሦስት ካህናትና የመንደራችን ታላላቆች ሆነው ወደ ቤታችን መጡ፤ እሱ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ይህ የአገራችን ወግ ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ገፍቶ መመለስ ነውር ነው። ካሣውንም ይዘው መጥተዋል።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አባቶቼ፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ» አለች። «ካሣውን መልሱት። ደሙንም አልፈልግም፤ ልጄ በሱ ደም እጁን አያቆሽሽም። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ይህን ሰው በየፋሲካው መርቄዋለሁ። ልጄን አሳደገልኝ ብዬ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ደጅህ አይዘጋ፣ ብዬ መርቄዋለሁ። ምርቃቴን ይመልስልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የነፍስ አባታችን፣ «ልጄ፣ ምርቃት እንዴት ይመለሳል?» አሏት።

«አይመለስም ነው? እንግዲያው ድንጋዩን ያውርደው። ድንጋይ ማንም ይሸከማል። የሠራውን ብረት ይሸከም። በገበያ ቀን፣ ከጅጋ ገበያ መሐል ተነሥቶ ባሌን እስከጣለበት ድረስ በእግሩ ይሂድ። ምንድን ነው የተሸከምኸው ያለውን ሰው ሁሉ ቆሞ ይንገረው።»

አንዱ ሽማግሌ፣ «ዐይኑ ደካማ ነው፣ ዕድሜውም ሄዷል፤ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ብታቀሉለት» ብሎ ለማባበል ሞከረ። እኔ መለስሁለት። «የሄደው የአባቴ ዕድሜ ነው» አልሁት።

ያን የገበያ ቀን እንደ ትናንት አየዋለሁ። የእህል ሻጮች፣ ከየገጠሩ በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች፣ አህያ የሚጎትቱ ሴቶች። ጋሼ ታከለ በመሐላቸው ያንን ፓራፋንጎ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ። ብረት ነው፣ ከባድ ነው። አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ በአንድ እጁ ያንጠለጥለው ነበር፤ ይህን ያን ጊዜ አስቤዋለሁ፣ ደስም ብሎኛል።

«ምንድን ነው ጋሼ የተሸከሙት?» አለው አንድ ጨው ሻጭ፣ የሚሸጥ መስሎት።

«ሰው ገጭቼ የሸፈንሁበት ነው» አለ።

ጨው ሻጩ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ሌላ ጠየቀ። ከዚያ ሌላ። እኔ፣ እናቴና አያ ዘለቀ ከኋላ እንከተላለን፣ ካህናቱ ከጎን። ከከተማው ስንወጣ የሚከተለው ሰው ብዙ ሆኖ ነበር። መንገዱ ዳር አንዲት አሮጊት ስትጠይቀው ድምፁ አልወጣ አለ። «ንገራት» አልሁት። ነገራት። አንዴ ተሰናክሎ ወደቀ፤ የብረቱ ጠርዝ ክንዱን ቆረጠው። አያ ዘለቀ እጁን ሊይዙት ጎንበስ ሲሉ፣ «ይተዉት፣ ራሱ ይነሣ» አልኋቸው። አዩኝ። በዐይናቸው ላይ ያየሁትን አልወደድሁትም፤ ግን ቃሌን አልመለስሁም። እየተንገዳገደ ራሱ ተነሣ።

ቦዩ ጋ ስንደርስ እናቴ ወደ ፊት ወጣች። «ያለህን ተናገር» አለችው። «እሱ ያለህን። ሰው ሁሉ ይስማው።»

«‹ወንድሜ፣ አልተጎዳህም?› አለኝ።»

ካህናቱ እናቴን አዩ፤ ይቅር ብዬሃለሁ የምትል አንዲት ቃል እየጠበቁ ነበር። የነፍስ አባታችን በቀስታ፣ «በይ እንግዲህ» አሏት። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ። እሱ ይጨርሰው፤ እኔ አልጨረስሁም» ብላ በእርሻው መሐል ወዳለው የቤታችን መንገድ ታጠፈች። እኔም ተከተልኋት።

ከዚያ ወዲህ ቡሬ ውስጥ ለጋሼ ታከለ ሥራ የሚሰጥ ሰው ጠፋ፤ ጋራዡ ተዘጋ። የአያ ዘለቀን ፓራፋንጎ እንደፈለጉት በአሉሚኒየም ሠራሁላቸው። ባሕር ዳር ሄጄ ሉሁን አመጣሁ፣ በሳሙናና በእሳት አለሳለስሁት፣ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። አረንጓዴ ቀባኋት። ሲረከቡኝ ፍሬኑን ራሳቸው ፈትሸው ነው የወጡት፤ አልከፋኝም። አሁን አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ስለ መኪና እናወራለን፣ ስለ ሌላው አናወራም።

ይህን ያህል ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ እኔ ስታወሩ፣ በመጨረሻ ይቅር አለ አትበሉ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ በእርቅ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። አላለቀም። ጋሼ ታከለን በትከሻው ብረት ተሸክሞ ሲንገዳገድ ሳይ ልቤ ጠገበ። ዛሬም ሳስበው ይጠግባል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንድ ንጹሕ ሰው ከሞት የተረፈው በእኔ ደግነት አልነበረም፤ በቀሌን ሳላጣጥም እንዳያልፈኝ ስለሰሰትሁ ብቻ ነው። ንዴቴን ውጬ መጋጠሚያውን እንደላላ ብተወው ኖሮ፣ አያ ዘለቀንና የልጅ ልጃቸውን ገድዬ፣ ገዳዩን እያመሰገንሁ እኖር ነበር። እናንተም የምትጠሉት ሰው ካለ፣ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ፊት ለፊት ጠይቁት። ስለ እሱ ብላችሁ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል ነው።

ባለፈው ሳምንት ከቡሬ አንዲት ሴት መጣች። ጋሼ ታከለ አልጋ ላይ ወድቋል፣ ዐይኑ ጨርሶ ጠፍቷል፣ ሳይሞት ድምፅህን ልስማ ይላል፣ አለችኝ። ሥራ ላይ ነበርሁ። «ሰው እጠራልሃለሁ ብሏል በይው» አልኋት። መልእክቱ እንዳልገባት ከፊቷ አየሁ፤ ለእሱ ግን እንደሚገባው አውቃለሁ። አልሄድሁም። ይህን ስጽፍላችሁም አልሄድሁም።